የማትከሽፈው ጥይት

ኦድቫር ባዶዎቹን ቀለሆች ወደ መስኮቱ ብርሃን እያስጠጋ አፋቸውን በጥፍሩ ዳሰሰ። ጭረት ያለባቸውን ሁሉ ወደ ቆርቆሮው ጣለና አንድ ብቻ አስቀረ። ከዚያ ባሩዱን የሚለኩሱት ካፕሱሎች ያሉበትን አዲስ ፓኮ ቀደደ።

«አባዬ፣ ለአንዲት ጥይት ይሄ ሁሉ ምርጫ? ልትድራት ነው እንዴ?» ልጁ ራንዲ ሳቀችበት። «ለአጋዘን እንኳ ያገኘኸውን አልነበር የምታጎርሰው!»

«ይህቺ መክሸፍ የለባትም።»

ምድጃው አጠገብ የተኛችው አሮጊት የአደን ውሻ ድምፁን ሰምታ ልትነሳ ሞከረች፤ የኋላ እግሮቿ እምቢ አሏት። የራንዲ ሳቅ ፊቷ ላይ ደረቀ።

«የእንስሳት ሐኪሙ የሚያሳርፋትን መርፌ ይውጋት፣ አባዬ።»

«የራሴ ውሻ ናት።» ካፕሱሏን በአውራ ጣቱ አገላበጣት። «ጥይት ሲከሽፍብኝ አጋዘን ይሸሻል። እሷ ግን ምን ነካህ ብላ ዞራ ታየኛለች።»