የአስማረ ሞተር ዝገት

ባሕር ዳር የሚኖረው ጡረተኛው አስማረ፣ እሑድ በመጣ ቁጥር ከወዳጆቹ ጋር ሊንሸራሸር ሲነሳ የሞተር ሳይክሉን ክሮም ዝጎ ያገኘዋል። በዛገ ሞተር ደግሞ ሰው ፊት አይወጣም። ሽርሽሩን ትቶ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ በፎይልና በሎሚ ሲፈትግ፣ ባለቤቱ ጥሩዬ በርጩማዋን አስጠግታ እስኪመሽ ታጫውተዋለች።

«ምን ዓይነት ዝገት ነው ይሄ?» ይላል።

«የሐይቁ እርጥበት ነዋ» ትለዋለች።

አንድ ሐሙስ ከቀትር እንቅልፉ ቀድሞ ነቃ። በመስኮት ሲያይ፣ ጥሩዬ ጨርቅ በጨው ውሃ እየነከረች የሞተሩን ጭስ ማውጫ ቀስ ብላ ታሻለች። ሳቁን ዋጥ አድርጎ ተመልሶ ጋደም አለ።

አመሻሽ ላይ ከሱቅ አንድ ኪሎ ጨው ይዞ ገባ።

«ምነው ጨው?» አለችው።

«እንዳያልቅብሽ ብዬ ነው» አላት። «እሑድ እየደረሰ አይደል።»