ጎበና ከማሳው ያስጠረገው እበት

«ሐዘን ላይ ባለ ሰው መሬት ቆሻሻ ትደፋለህ?»

ጎበና ነው... የአብዶን ኮሌታ አንቆ የሚጮኸው። ሱሉልታ ዳር፣ ማሳው መሃል፣ ሰፈርተኛው ሁሉ እያየ።

አብዶ ጎረቤቱ ነው። ላም አርብቶ ወተት ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ዝምተኛ ሰው።

ያን ጠዋት ጎበና ከቤቱ ሲወጣ ማሳው ከዳር እስከ ዳር እበትና የበሰበሰ ጭድ ለብሶ አገኘው። አብዶ አካፋውን ይዞ እዚያው ቆሟል።

የጎበና ሚስት ተረፈች ካረፈች ገና ወሯ ነው... እናንተስ ብትሆኑ ደማችሁ አይፈላም?

ሽማግሌ ተቀመጠ። አብዶ ምን ነክቶህ ነው ተብሎ ሲጠየቅ አንገቱን ደፍቶ አጥፍቻለሁ ብቻ አለ። ሁለተኛ እዚያ ማሳ ላይ እንዳይደርስ ተወሰነበት።

እበቱስ?

ማን እበት ይጥላል! በእኛ አገር እበት ማገዶ ነው። ጎበና ሴቶች ቀጥሮ አስጠረገው፣ ኩበት አስጠፈጠፈው። አጥሩ ጥግ ያለውን ብቻ ዝናብ ስለመጣባቸው ተዉት።

ከዚያ ገብሱን ዘራ።

ይህ የመጨረሻው ሙከራ ነበር። መሬቱ ከዓመት ዓመት እየከሳ ተስፋ አስቆርጦታል። ዘንድሮም እምቢ ካለው የአባቱን መሬት መጋዘን ለሚሠራ ሰው ሊለቅ ለደላላ ቃል ሰጥቷል።

ገብሱ ገና ሊያሸት ሲል ዝናቡ ቀጥ አለ...

ማሳው ቢጫ ሆነ። ተሰነጣጠቀ።

ጎበና ቆረጠ። ደላላው ጋ ሊደውል ስልኩን አውጥቶ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ግን... ክው ብሎ ቀረ።

ጥጉ ላይ ያለው ገብስ ወገቡ ድረስ ደርሷል። አረንጓዴ! ዛላው ከብዶት አጎንብሷል።

ዘሩ ያው፣ ዝናቡ ያው፣ ገበሬው ያው...

ተንበርክኮ አፈሩን በጣቱ ጫረው። ጥቁር፣ ልስልስ ያለ፣ ከሥሩ እርጥብ ነው። እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ሌላውን ቢሞክር ጡብ ሆኖ ጠበቀው።

እየሮጠ አብዶ ቤት ሄደ። ምን መድኃኒት ነው ያደረግክበት አለው።

አብዶ፣ «ኦቦ ጎበና፣ የእኔ ሥራ አይደለም። የአዴ ተረፈች ነው» አለ።

ተረፈች መሬቱ ተርቧል ብላ ባሏን ስንት ዘመን ለምናዋለች። ጭዱንም እበቱንም ወስደንበት በምን ያብቅል ትለው ነበር። እሱ ይስቅባታል። በመጨረሻ ታማ ስትተኛ አብዶን አስጠርታ የራሷን ጊደር ሰጠችው። በምትኩ ማሳውን እበት እንዲያለብስላት።

«ከእኔ መሆኑን ካወቀ ስቆ ያስጠርገዋል፣ አዝመራው እስኪደርስ እንዳትነግረው ብላ አስማለችኝ። እርስዎ ሲያስጠርጉት መሐላዬን ላፈርስ ምንም አልቀረኝም ነበር...»

ቀና ብሎ አየው።

«ለመሆኑ እበቱን ምን አደረጉት?»



የተረፈች ተዝካር የተደገሰው በዚያ ኩበት ነበር...

ልትሞት ስትል ለመሬቱ ያሰበችለትን፣ ወጡን ለማብሰል አንድዶ አመድ አድርጎታል!

ጎበና እዚያው አብዶ ደጃፍ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና አለቀሰ። «ዲፈማ... ይቅርታ» አለ። ለአብዶ ይሁን ለሚስቱ አልታወቀም።

ደላላው ጋ አልደወለም። በማግስቱ እነዚያኑ ሽማግሌዎች ጠርቶ፣ በፊታቸው አብዶን እጁን ይዞ ማሳው ውስጥ አስገባው።

እኔ ይህን ስሰማ ሰውነቴ ነው የቀዘቀዘው።

ወገኖቼ፣ ከመሬት መውሰድ እንጂ መመለስ አልለመድንም። አጠገባችን ያለ ሰው ሲመክረንም ሩቅ ካለ ሰው እስክንሰማው ድረስ ቁም ነገር አይመስለንም። ተረፈች በሕይወት እያለች አንድ ቀን ብቻ የሚሰማት ብታገኝ ኖሮ...

እስቲ ከልባችሁ መልሱልኝ። እናንተ አብዶን ብትሆኑ መሐላችሁን ትጠብቁ ነበር? ወይስ እበቱ ሲጠረግ እያያችሁ እውነቱን ታወጡት ነበር?

ኮሜንት ላይ እጠብቃችኋለሁ።