የደረሰ እህት

የባንቺአየሁ ሎካንዳ ገዳሪፍ ውስጥ ካሉት ማደሪያዎች ሁሉ ርካሹ ነበር። የካርቱም ተፈናቃይ ከተማዋን ከሞላት ወዲህ ግን እዚያም አልጋ ማግኘት ቀላል አልሆነም። ደረሰና ፍቅርአዲስ ከፋሽጋ የሰሊጥ አጨዳ መጥተው በሯ ላይ ሲቆሙ ባንቺአየሁ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየቻቸው። ባሏ የሞተባት፣ ቤቱን ብቻዋን የምታስተዳድር ሴት ናት።

«ሠራተኛ እፈልጋለሁ» አለች። «ደሞዝ አልከፍልም፤ በሥራችሁ ልክ አልጋና ምግብ ነው። ወንዱ ግቢ ያድራል፣ ሴቷ ከሴቶቹ ጋር። ባልና ሚስት ግን አልቀበልም፤ ክፍል ይፈልጋሉ፣ ክፍል ደግሞ የለኝም። ምንና ምን ናችሁ?»

«እህቴ ናት» አለ ደረሰ።

ፍቅርአዲስ ዞር ብላ አየችው። መተማ ላይ ዳስ ተጥሎ፣ አገር ተጠርቶ ያገባት ሚስቱ ነበረች።

ሥራው አልከበደም። ደረሰ ግቢ ይጠርጋል፣ ውኃ ይቀዳል፣ የላላ የአልጋ ጠፍር ይወጥራል። ፍቅርአዲስ አንሶላ ታጥባለች፣ ፉል ትቀቅላለች። የከበደው ማየቱ ነበር። ደረሰ ቀናተኛ ነው። ራሱም ያውቀዋል፣ ያፍርበታል፣ ግን አይተወውም። አጨዳ ላይ እንኳ ለሰው ውኃ ስታቀብል ማጭዱን ጥሎ ይመጣ ነበር። ሚስቱ እየተባለች እንዲያ የሆነ ሰው፣ እንግዶቹ ሁሉ ባል የሌላት መስሏቸው ቀና ብለው ሲያዩዋት ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

«እውነቱን እንንገራት» አለችው አንድ ቀን ቧንቧው ጋ። «ካልሆነም አገራችን እንግባ። መተማ ቅርብ ናት።»

«ፖርት ሱዳን ደርሰን ሥራ ሳንይዝ መመለስ የሚባል የለም። እስከዚያ እህቴ ነሽ። ደግሞ ከዚያ ሹፌር ጋር ምንድን ነው የሚያስቅሽ?»

«እህትህ ብትስቅ ምን አገባህ?»

ደረሰ ቧንቧውን ዘጋ።

«እሺ» አለች ጀሪካኑን እያነሳች። «እህቴ ነሽ ካልክ የእህት ወጉን አደርስልሃለሁ።»

ሹፌሩ ኢሳያስ ይባላል። ከዶካ ማሽላ በሎሪ የሚያመላልስ፣ ጨዋታ አዋቂ ጎልማሳ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከፍቅርአዲስ ጋር መንሾካሾክ አበዛ። ደረሰ ሲጠጋ ሁለቱም ዝም ይላሉ። አንድ ቀን ነጭ ጨርቅ በላስቲክ ጠቅልሎ ሲሰጣት በዓይኑ አየ። በማግስቱ ፍቅርአዲስ የእሱን ትከሻ በክር ለካች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ሸሚዝህ አልቋል። ጀለቢያ ላሰፋልህ።»

ባንቺአየሁም ተለወጠች። ከደረሰ ሰሃን ሥጋ የማይጠፋ ሆነ። አልጋውን ከአጥሩ ሥር አስነስታ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር አደረገችለት። «ፀሐይ አይምታህ» አለችው፣ ነጠላዋን እያስተካከለች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ ባንቺአየሁ» አለ ደረሰ። ገብቶታል። እህቱን ለኢሳያስ እንዲሰጥ እያለሰለሱት ነው።

ጥርጣሬው እርግጥ የሆነበት ማድ ቤቱ ጀርባ እንጨት ሲፈልጥ ነው። ፍቅርአዲስ ለባንቺአየሁ ታወራለች።

«መጠጥ አያውቅ፣ ሥራ አይሰለች» ትላለች። «እንዲህ ብቻውን መቅረቱ ነው የሚያሳዝነኝ።»

ኢሳያስን መሆኑ ነው። ለእሱ፣ ለደረሰ፣ እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

በእሁዱ ኢሳያስ ነጭ ጋቢ ለብሶ መጣ። አብረውት ከኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ የመጡት አቦይ ገብረስላሴ ነበሩ፤ የሰፈሩን ጋብቻ ሁሉ የሚጨርሱ ሽማግሌ ናቸው። ባንቺአየሁ ቤት በር ላይ ቆሙ። ተቀመጡ ብትላቸው አልተቀመጡም። ጥቂት ተነጋግረው ሄዱ። ሽማግሌ እሺ እስኪባል ቆሞ እንደሚለምን ደረሰ አላጣውም። ያቃጠለው ሌላ ነው፤ ወንድም እያለ እንዴት የሎካንዳ ባለቤት ትጠየቃለች?

ወደ እኔ መምጣታቸው አይቀርም ብሎ መልሱን አዘጋጅቶ ጠበቀ። በሳምንቱ ድጋሚ መጥተው፣ ድጋሚ ባንቺአየሁ ቤት በር ላይ ቆመው ተመለሱ። ባሏ ነኝ ብሎ እንዳይጮህ፣ ሁለቱም ከነጓዛቸው ጎዳና መውደቃቸው ነው። ዝም እንዳይል ሚስቱ ልትሄድበት ነው።

በሦስተኛው እሁድ ፍቅርአዲስ ማለዳ ቀስቅሳ ሽንኩርት ግዛ ብላ ላከችው። ከመሄዱ በፊት የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት። ይህን ካደረገች ቆይታ ነበር። ልቡ ትንሽ ረጋ።

ሲመለስ ሽማግሌዎቹ ባንቺአየሁ ቤት ገብተው ተቀምጠዋል።

ሽንኩርቱን ጣለውና ወደ ሴቶቹ ክፍል ሮጠ። የፍቅርአዲስ አልጋ ባዶ ነው። ጓዟም የለም። ግቢ ወጥቶ ሲፈልጋት የራሱ አልጋ ላይ አዲስ ነጭ ጀለቢያ ታጥፎ ተቀምጧል። ለሠርጓ እንዲለብሰው መሆኑ ነው። አንስቶ መሬት ላይ ወረወረው።

በሩን ገፍቶ ገባ። ባንቺአየሁ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ አንገቷን ደፍታለች። ኢሳያስ ከሽማግሌው ጎን ተቀምጧል። ፍቅርአዲስ የለችም።

«የት ደበቃችኋት?» አለ ደረሰ። «ስለ እሷ መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ። ለማንም አልሰጣትም። እህቴም አይደለችም፣ ሚስቴ ናት።»

ባንቺአየሁ ቀና አለች። ኢሳያስ ፈገግ ብሎ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«እንዲህ ማለቱ አይቀርም ብላን አልነበር?» አለ። «ሲያፍር የሚናገረውን አያውቅም ብላ።»

አቦይ ገብረስላሴ በእጃቸው ከባንቺአየሁ አጠገብ ያለውን ባዶ ወንበር አሳዩት።

«ና ተቀመጥ ልጄ፤ እህትህን የጠየቀ የለም፣ ወንድሜን ዳሩልኝ ብላ ወደ ባንቺአየሁ የላከችን እሷ ናት፤ ዛሬ ማለዳ እሺ መባልህን ስትሰማ መረቀችህና በዶካው አውቶቡስ ወደ መተማ ሄደች።»