የአማት ቁም ሣጥን በር

ሙዚቃው አልቆ የሰፈሩ ሰው አዳራሹን በጭብጨባ ሲያናውጠው፣ ከፊት የተቀመጠው አናጢ ግን እጁን ኪሱ ውስጥ ካለው ካቻቢቴ ላይ አላነሳም። ሙዚቃው ሲጫወት ሁሉ ዓይኑ ከሙዚቀኞቹ ላይ ሳይሆን፣ የሙዚቃ ወረቀታቸው ከተዘረጋባቸው የኖታ መቆሚያዎች ላይ ነበር። በእንግድነት የመጣው ኦርኬስትራ ጭነት መንገድ ላይ ወድቆ መቆሚያዎቹ ሲሰባበሩ፣ በሁለት ቀን አርባ አዲስ የሠራው እሱ ነው። እንጨቱን ያዋጣው የሰፈሩ ሰው ነበር፤ አንዱ የአልጋ ጠርዝ፣ አንዱ የሱቅ መደርደሪያ፣ ከፊት ያለው ደግሞ የገዛ አማቱ የቁም ሣጥን በር።

"አንዱ ቢወድቅ ጉዴ ፈላ" አላት አጠገቡ የተቀመጠችውን ሚስቱን።

"ይልቅ አጨብጭብ፣ አንተ ሰውዬ!"

ያን ጊዜ የኦርኬስትራው መሪ ዞር ብሎ በእጁ ወደ አናጢው አመለከተ። ወዲያው መድረኩ ላይ ኳ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ተነሳ፤ መቆሚያዎቹ ሁሉ ተንቀጠቀጡ። አናጢው ክው አለ። "የፈራሁት ደረሰ!" ብሎ ካቻቢቴውን መዘዘና መድረኩ ላይ ወጣ። ቼሎ የሚባለውን ትልቅ ቫዮሊን የያዘችው ሴት ፊት ተንበርክኮ የአማቱን እንጨት መደባበስ ጀመረ።

"የትኛው ብሎን ነው የላላው፣ እህቴ?"

ሴትዮዋ በቼሎዋ ደጋን መቆሚያውን ማንኳኳቷን ሳታቆም ሳቀች። "ምንም የላላ የለም፣ ጋሼ። እጃችን ስለተያዘ እኛ የምናጨበጭበው እንዲህ ነው። ለእርስዎ ነው።"

አናጢው ቀስ ብሎ ተነሳ። የእሱም እጅ ተይዟል። ካቻቢቴውን ገለበጠና በእጀታው የአማቱን በር ኳ፣ ኳ፣ ኳ አደረገ።