የሽፍታው ሪዝ

ጀንበሯ ከበረሃው ኮረብታ ጀርባ ልትገባ ነበር፤ ካሜራው ውስጥ የቀረው ፊልም ደግሞ ለአንድ ትዕይንት ብቻ ነበር የሚበቃው። ተዋናይቷ ቬልማ ጠዋት የከተማው ሕግ አስከባሪ፣ ሸሪፍ፣ ሆና የተኮሰችበት ሽፍታ አሁን ከመጠጥ ቤቱ ጣራ መውደቅ ነበረበት። ሽፍታውን የሚጫወተው ክላይድ ግን ጣራው ጫፍ ላይ ሲደርስ ቁልቁል አይቶ «አልወድቅም» ብሎ ተቀመጠ።

ቬልማ መሰላሉን ወጥታ ካፖርቱን ገፈፈችው፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቧ ደፋች፣ በሙጫ የተለጠፈውን ሪዙን ላጥ አድርጋ ከንፈሯ ላይ ለጠፈች።

«አብደሻል እንዴ?» አላት ዳይሬክተሩ ከታች።

«አንተ ዝም ብለህ ቅረጽ።»

ደረቷን ይዛ ተንገዳገደችና ከጣራው ሥር በተዘረጋው፣ አቧራ የተነሰነሰበት ጭድ ላይ ዘጭ አለች። ካሜራው ቆመ።

«ራሴ ገድዬ ራሴ ሞትኩ» አለች እየሳቀች። ሪዙን ነቅላ ከጣራው ለወረደው ክላይድ ልትመልስለት ስትል እጇን ያዘ።

«ተይው» አላት። «አንቺ ላይ ነው የሚያምረው።»