«አልተስማማኝም... ነገ አስወጣዋለሁ»

«በቃ ራስ ምታት ሆነብኝ... የቻልኩትን ያህል ቻልኩት። አልተስማማኝም። ነገ አስወጣዋለሁ። እማዬ ብቻ እንዳይሰሙ።»

እማዬ ግን ሰምተዋል።

ከፀጉር ቤቱ መጋረጃ ጀርባ የቆሙት የባሏ እናት ናቸው... በስልክ የምታወራው ደግሞ የልጃቸው ሚስት፣ ፀጉር ሠሪዋ።

አንድ ወንድ ልጃቸውን ከቤት ልታስወጣባቸው ነው...

እኚህ ሴት ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ የሚቆርጡት የሰው ጉዳይ ነው።

ማን የት እንደሚታከም፣ ማን ምን እንደሚለብስ፣ የማን ሳሎን ምን ዓይነት መጋረጃ እንደሚያስፈልገው... ሁሉንም ይወስናሉ። ቤተሰቡ በሌሉበት «ቆራጧ» ይላቸዋል።

ክፋት የለባቸውም። ሰው ሲወዱ እንዲህ ነው የሚያደርጋቸው።

ቤት ሲደርሱ ልጃቸው ሶፋ ላይ ተጋድሞ ኳስ ያያል።

«ሚስትህን ምን አድርገሃት ነው?»

«ምንም።»

«እሱ ነዋ ችግሩ። ምንም አታደርግም። ተነስና ዕቃ እጠብ።»

በማግስቱ ጠዋት ምራታቸው ስትወጣ ከኋላ ከኋላ ተከተሏት። ጠበቃ ጋ ትሄዳለች ብለው ሲጠብቁ... ጤና ጣቢያ ገባች።

ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ አጠገቧ ዘጭ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ እባክሽ አታስወጪው። ጥፋት ካለበት እኔ እመክረዋለሁ።»

«ማንን ነው የሚመክሩት እማዬ?»

«ባልሽን ነዋ። ትላንት ሰምቼሻለሁ... ራስ ምታት ሆነብኝ፣ አልተስማማኝም ስትዪ።»

ምራት መጀመሪያ ግራ ገባት... ከዚያ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እጅጌዋን ሰብሰብ አድርጋ ክንዷን አሳየቻቸው።

«የማስወጣው ይሄን ነው። የተቀበረልኝን የወሊድ መከላከያ።»

እማዬም እፎይ ብለው ሳቁ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

ያንን መከላከያ ያስቀበራት ማን መሰላችሁ?

ራሳቸው እማዬ!

«ሴቷ ልጄ ካስቀበረችው ስንት ጊዜዋ፣ ምንም አላላትም» ብለው እጇን ይዘው ያመጧት እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ነርሷ እሷን ስትጠይቅ... እሳቸው ነበሩ የሚመልሱት።

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«ራሴን ይፈልጠኛል። ደሙ ሄደ ስል ይመጣል... ደንበኛ እየሠራሁ ዓይኔ ልብሴ ላይ ነው። ልጅዎንም በሰበብ አስባቡ እቆጣዋለሁ።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«ይከፋዎታል ብዬ ነዋ። ለሴቷ ልጅዎ ተስማምቷት ለእኔ እንቢ ሲል... የኔ ሰውነት ነው ጥፋተኛው አልኩ።»

ይቺ ልጅ እሳቸውን ላለማስከፋት ሕመሟን ውጣ ስትኖር... እሳቸው ሌሊቱን ሙሉ የተጨነቁት ለልጃቸው ብቻ ነበር። አፈሩ።

ነርሷ ተራ ጠራች። እማዬ እንደ ልማዳቸው አብረው ብድግ አሉ...

ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ግቢ የኔ ልጅ። ብቻሽን ግቢ።»

ቆይታ ስትወጣ ክንዷ በፋሻ ታስሯል፣ ፊቷም ፈካ ብሏል።

«ራስ ምታቴን ሰምታ ግፊቴን ለካችኝ። መቼ መውለድ እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። ኪኒኑን፣ መርፌውን፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን ሉፕ፣ ኮንዶሙን... የእያንዳንዱን ጥሩና መጥፎ ነገረችኝ። የመረጥሽው ካልተስማማሽ ተመለሺ፣ ይቀየራል አለችኝ።»

«የቱን መረጥሽ?» የሚለው ጥያቄ እማዬ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር... ዋጡት።

ወሬያቸውን የሰማች አንዲት እናት ከአግዳሚው ጠጋ አለች።

«እናቴ፣ እኔም ልጄን ላመጣት ነበር። ለእሷ የቱ ይሻላታል ይላሉ?»

ምራት ትንፋሿን ያዘች። እማዬ መልስ አጥተው አያውቁም እኮ...

እማዬ ወደ ሴትየዋ ዞሩ።

«ልጅሽን ጠይቀሻታል?»

ምራታቸው ክንዳቸውን ያዘች። አብረው ወጡ።

ወዳጆቼ... ለአንዷ የተስማማው መከላከያ ሌላዋን ሊያሳምማት ይችላል፤ ጥፋቱ የሰውነቷ አይደለም። ካልተስማማሽ ዝም ብለሽ አትሰቃዪ፣ ሄደሽ ለባለሙያ ንገሪ። እኛም ለምንወደው ሰው ከመምረጣችን በፊት እሱን እንጠይቀው።

እናንተስ... ሰው እንዳይከፋው ብላችሁ የማይስማማችሁን ነገር ችላችሁ ኖራችሁ ታውቃላችሁ? ኮመንት ላይ አውሩኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።