የቆጠራው ሳምንት

ሚያዝያ 9 ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አንድ መሐንዲስ መኪና ሊቆጥር ደጃፋቸው ተቀመጠ። «ከአቧራው የሚገላግላችሁ አስፋልት ነው፤ አስፋልት የሚፈቀደው ግን ከባድ መኪና ለሚበዛበት መንገድ ብቻ ነው» አላቸው ለባልና ሚስቱ።

በማግስቱ ገልባጭ መኪኖች ይግተለተሉ ጀመር። ሚስትየዋ አስም ያለበትን ባሏን መሸሻን ልታተርፍ መስኮቱን በእርጥብ አንሶላ ደፈነች፣ በሩን ቀረቀረች። ሁለቱም በጨለማው ቤት ታፍነው ዋሉ፤ የመሸሻ ሳል ግን ባሰ። ትዕግሥቷ ሲያልቅ ወጥታ አንዱን ሾፌር አስቆመችው።

«አንተ ልበ ደንዳና! በዋናው መንገድ አትሄድም? ባሌን ልትጨርሱት ነው?»

«እትዬ፣ እኔን ምን አድርግ ይሉኛል? ጋሽ መሸሻ ራሳቸው ናቸው እኮ ደውለው ‹በኛ በኩል እለፉልኝ› ብለው የለመኑን!»

አስፋልቱ ተፈቀደ። የተነጠፈው ለመሸሻ ሙት ዓመት ድንኳን በተተከለበት ሳምንት ነው።